«ዶክተርዬ» እየተባለች ሱቅ ለምትሠራው ልጅ

ደብዳቤው ረጅም ነበር፤ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አልጽፍም፤ ደሴ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። 29 ዓመቴ ነው። ሆጤ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ ‹ዶክተርዬ› ነው የምባለው። አያቴ ስኳርና ደም ግፊት ነበረባት። መድኃኒቷን የጧቱን ከማታው ለይቼ በትንንሽ ብልቃጥ የማስቀምጥላት እኔ ነበርኩ። ሊያልቅ ሲል ቀድሜ ለእናቴ እናገራለሁ። አንድ ጎረቤታችን ይህን አይቶ ‹ይቺ ልጅ ዶክተር ናት› አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

በ2006 12ኛ ክፍል ተፈተንኩ። አንደኛ ምርጫዬ ሕክምና ነበር፤ ነጥቤ አልደረሰም። ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ፤ ከዚያም ውስጥ ቴክስታይል። በ2011 ተመረቅኩና ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ተቀጠርኩ። እየጠላሁት ነበር የገባሁት፤ በኋላ ግን ወደድኩት። ከየመስመሩ የሚመለሰውን ልብስ ከነምክንያቱ በደብተር እመዘግብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስንመለስ ፋብሪካው ትንሽ ከተንገዳገደ በኋላ ሠራተኛ ቀነሰ። እኔም አንዷ ሆንኩ።

ከ2015 ጀምሮ ሰኞ ገበያ አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነኝ። ሚስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ። ‹ሥራ እስክታገኚ› ተብሎ ነው የተጀመረው። ዛሬ ያለ እኔ ዕቃ አይታዘዝም። አጎቴ ደግ ነው፤ ደመወዝ ግን የለኝም። ‹የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ› ይለኛል።

አሁን ሁለት ነገር መጣ። ደሴ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ለመስከረም ነርሲንግ በቅዳሜና እሁድ እየመዘገበ ነው። እናቴ ወርቋን ሸጣ ልትከፍልልኝ ትፈልጋለች። ‹ዶክተር ባትሆኚም ነጭ ጋዋን ትለብሻለሽ› ትለኛለች። በሌላ በኩል፣ ፓርክ አለቃዬ የነበረች ሴት ከሰዎች ጋር ሆና ኮምቦልቻ ላይ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ወርክሾፕ ከፍታለች። ‹ስቶሩንና የምርት ዕቅዱን ያዢልኝ› አለችኝ። ደመወዙ ብዙ አይደለም።

የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪም እሆናለሁ ስል ኢንጂነር፣ ኢንጂነር ሆንኩ ስል ባለ ሱቅ። ሁልጊዜ እየወረድኩ ነው። አብራኝ የተማረች ልጅ ዛሬ ሐኪም ናት። ቡና ላይ ‹አሁን ምን እየሠራሽ ነው?› ሲሉኝ ፍም ላምጣ ብዬ እነሳለሁ። አሥር ዓመት ባከነብኝ? የትኛውን ልያዝ?»

ልጄ፣ አብሽሪ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ዘንድሮ ኮሌጁ አትመዝገቢ። የእናትሽ ወርቅ ካለበት አይነቃነቅ። የኮምቦልቻውን ሥራ ያዢ፤ እሱንም በጽሑፍ ከሆነ ብቻ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። ካልተዋጠልሽ የራስሽን አድርጊ፤ ዕድሜው ያንቺ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሽው፣ እኔን ግን ያስቆመኝ ቦታ አለ። የአያትሽ መድኃኒት። ጎረቤታችሁ ያንን አይቶ «ዶክተር» አለሽ። ሌላ ምን ይበል? ሰፈር ውስጥ የሚታወቀው የተከበረ ሥራ ዶክተር፣ ኢንጂነርና ፓይለት ነበር። አቅርቦት የሚያቅድ፣ ክምችት የሚቆጣጠር፣ ጥራት የሚከታተል የሚባል ሰው መኖሩን ለልጅ ማን ይነግራል? ሕፃን አቅፎ «ስታድጊ የስቶር ኃላፊ ያድርግሽ» ብሎ የመረቀ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እስቲ ያቺ ልጅ ያደረገችውን ብቻ እንይ። በሽታ አልመረመረችም፤ መርፌም አልወጋችም። ሐኪም ያዘዘውን በሥርዓት አስቀመጠች፤ የቀረውን ቆጠረች፤ ሳይጎድል ተናገረች። አድጋ ፋብሪካ ገባች። እዚያም የሚመለሰውን ልብስ ከነምክንያቱ ጻፈች። ሱቅ ገባች። እዚያ ደግሞ ያለ እሷ ዕቃ የማይታዘዝ ሆነ። ቦታው ተቀያየረ እንጂ እጅሽ የለመደው ሥራ ያው ነው። አንቺ በምርጫ ቅጽ ላይ የሞላሽውን ስትከተዪ፣ ሥራው ግን በሄድሽበት ሁሉ ሲከተልሽ ነው የኖረው።

ስለዚህ «እየወረድኩ ነው» ያልሽውን አልቀበልሽም። የወረደው ሰው የሚጠራሽ ማዕረግ ነው። ችሎታሽ አልወረደም። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ቀላል ቦታ መስሎሻል? የደሴ እርጥበት ሲሚንቶ እንደሚያጠጥር አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ካልወጣ ከታች ያለው ከረጢት ድንጋይ ይሆናል። ይህን በገዛ ገንዘብ እየከሰሩ የሚማሩ ስንት ነጋዴዎች አሉ። አንቺ በአጎትሽ ሱቅ ተማርሽው። ለነገሩ ጨርቅ ላይም ያው ነው። ከተለያየ የማቅለሚያ ዙር የመጣ ጥቅል ስቶር ውስጥ ከተቀላቀለ፣ የአንድ ተማሪ ሸሚዝ እጅጌው አንድ ሰማያዊ፣ ደረቱ ሌላ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አለቃሽ የጠራችሽ ለጨዋታ አይደለም። ይህን የሚያይ ዓይን ስለምትፈልግ ነው።

ይህን ስል ግን «ሁሉም ለበጎ ነው» ልልሽ አይደለም። እንዲህ የሚል ምክር ይሰለቸኛል። 2014ን ለበጎ ነው የሚል ደሴ ውስጥ ካለ አምጡልኝ። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። የሸሸው ሸሸ፤ የተዘረፈው ተዘረፈ። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ የወጣው በ1992 ነው። ልብስ እየሰፋ ለአሜሪካ ገዥ የሚልክ የኮምቦልቻ ፋብሪካ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለት በኩል ተመታ። አንቺን ከሥራሽ ያወጣሽ ይህ ነው። ስንፍና አይደለም፤ የትምህርት መስክሽ መጥፎነትም አይደለም። ያ ጊዜ ጠፍቷል። ጠፋ በዪውና እለፊ። «ትምህርት ሆነኝ» እያልሽ እንድታስጌጪው ማንም አይጠብቅብሽም።

ምደባሽም እንደዚያው ነው። አንቺ የተፈተንሽበት ዘመን የ70/30 ዘመን ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ኢንጂነሪንግ በገፍ ይቀበላል፤ ሕክምና ጥቂቱን ይወስዳል። ከክፍልሽ ጎበዝ ተማሪዎች ሕክምናን አንደኛ ያልሞላው ስንቱ ነበር? ቅጽ ሞላሽ፣ ነጥብሽ ታየ፣ ወንበር ወዳለበት ተላክሽ። ይህን እንደ ራስሽ ሽንፈት ተሸክመሽ እስከ 29 መምጣትሽ ነው የገረመኝ። የ18 ዓመት ልጅ የሞላችውን ቅጽ እንደ ስለት አትቁጠሪው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ በሰው ኃይል ክፍል ነው የሠራሁት። የሥራ ማመልከቻ ሲገባ መጀመሪያ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነበር። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ከትምህርት ቤት በተመኙት ሥራ ላይ ቀጥ ብለው የሄዱ ሰዎች ከምታስቢው በላይ ጥቂት ናቸው። በታሪክ ተመርቃ ደመወዝ ክፍል የምትሠራ፣ በእርሻ ተመርቆ ሽያጭ የሚመራ፣ መምህርነት ጀምሮ ጉምሩክ አስተላላፊ የሆነ፣ ሞልቷል። ቃለ መጠይቅ ላይ የተቀመጡ ሰዎች የሚጠረጥሩት የዞረ ታሪክ ያለውን ሳይሆን በታሪኩ የሚያፍረውን ነው። ሰው ሲንተባተብ «ምን ደብቆ ይሆን?» ይባላል። ረጋ ብሎ «ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከዚያ የቤተሰብ መደብር ግዢና ክምችት ያዝኩ» ያለን ሰው ግን ማንም ወዲያ ወዲህ አይለውም።

ብዙ ልጆች የቤተሰብ ሱቅን ሥራ ነው ብለው ሲቪ ላይ አይጽፉትም። ከዚያ ዓመታቱ ባዶ ይሆኑባቸዋል። አንቺ ጻፊው። «የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ ግዢና ክምችት፣ ከ2015 ጀምሮ» በዪ። ከሥሩ ስንት ዓይነት ዕቃ እንደምትቆጣጠሪ፣ ከስንት አቅራቢ እንደምታዢ፣ አንቺ ከገባሽ ወዲህ ተበላሽቶ የሚጣለው ዕቃ ምን ያህል እንደቀነሰ አስቀምጪ። የፋብሪካውንም እንዲሁ። ያ ደብተር እጅሽ ላይ ከሌለ የምታስታውሺውን ጻፊ፤ የማታስታውሺውን ግን አትጨምሪ። የተጋነነ ሲቪ እንደ እኔ ያለች አሮጊት ከሩቁ ነው የምታውቀው።

አሁን ወደ ነርሲንጉ እንምጣ።

እናትሽ «ነጭ ጋዋን ትለብሻለሽ» ያሉት ከፍቅር ነው፤ አልፈርድባቸውም። አባባሉ ግን ነርሶችን ይበድላል። ነርስ ማለት ሐኪምነት ያመለጠው ሰው አይደለም። የራሱ ዕውቀትና የራሱ መከራ ያለው ሙያ ነው። ሌሊት ቆሞ ማደር አለ። የማይንቀሳቀስ ሰው ማገላበጥ፣ ቁስል ማጠብ፣ የሰው ሽንትና ደም መንካት አለ። ልጁ የሞተበት አባት ሲጮህ አጠገቡ መቆም አለ። ይህን የሚችልና የሚወድ ሰው ይግባበት፤ አገር ያስፈልገዋል። ጋዋኑን የወደደ ብቻ ግን ብዙ ሳይቆይ አልጋው አጠገብ ይታወቅበታል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የተኛው ሕመምተኛ ነው።

ደብዳቤሽን ስፈትሽ ስለ ሕመምተኛ አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ስለ አያትሽ እንኳ ስትጽፊ የጻፍሽው ስለ ብልቃጦቹ ነው። ወቀሳ አይደለም። ሰው የሚወደውን ሳያውቀው ነው የሚጽፈው።

እንዲያም ሆኖ በአንድ ደብዳቤ ሰውን ማወቅ ይከብዳል። ነርስነት በእውነት ልብሽ ውስጥ ካለ፣ ሳትከፍዪ የምታጣሪበት መንገድ አለሽ። ሐኪም ለሆነችው ጓደኛሽ ደውዪላት። አዎ፣ ለሷ። ከተመረቀች ወዲህ ስልኳን እንደምትሸሺ ገምቻለሁ። ከነርሶች ጋር ታገናኝሽ። ስለ ተረኛነቱ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ ጠይቂያቸው። ተመልሰው ቢጀምሩ ያንኑ ይመርጡ እንደሆነም ጠይቂ። ጓደኛሽንም ስለ ራሷ ጠይቂያት። አንቺ «የደረሰች» የምትያት ልጅ ምን እያሰበች እንደምታድር ብትሰሚ ሳይገርምሽ አይቀርም። ዛሬ ከሐኪሞቹም መካከል ሌላ መንገድ የሚያማትር ብዙ ነው።

ከዚያ ኮሌጁ ሂጂና ጠይቂ። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለነርሲንግ፣ ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ ዕውቅና አላቸው? ወረቀቱን ያሳዩሽ። ልምምዱ የት ሆስፒታል ነው? በየትኞቹ ቀናት? የነርስ ልምምድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ታይቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ያልቃል ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ። ከተማሪዎቻቸው ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፈ? ይህ ፈተና በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ክፍያ ከፍሎ መጨረስ ብቻውን ዲግሪ አያሰጥም። የጤና ተመራቂ ደግሞ ከዚያ በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል። ምዝገባ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ይህን ሁሉ አትነግርሽም፤ ሥራዋ መመዝገብ ነው።

ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጃል። ስትጨርሺ 33 ወይም 34 ትሆኛለሽ። ዕድሜው አያስፈራኝም። በ34 የጀመረች ነርስ ገና ብዙ ትሠራለች። የሚያስፈራኝ አራት ዓመትና የእናት ወርቅ ጎረቤት ላወጣው ስም መክፈያ እንዳይሆን ነው።

እዚህ ላይ ሌላ መካሪ ቢሆን አፈወርቅ ተክሌንና ሙላቱ አስታጥቄን ይጠራልሽ ነበር። እውነት ነው፤ አፈወርቅ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሠዓሊ ሆነ። ሙላቱም ዌልስ የሄደው ለምህንድስና ነበር፤ ሙዚቃው አሸነፈው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ላንቺ ግን ብዙም አይጠቅምሽም። ሁለቱም ሲዞሩ ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ወጪያቸውን የሚችል ሰው ከኋላቸው ነበር። አንቺ ከፓርኩ አብረውሽ የተቀነሱት ዛሬ የት እንዳሉ ብትጠይቂ ይሻልሻል። ዓረብ አገር የሄደች አለች፤ ቤቷ ስፌት የጀመረች አለች፤ ሆቴል የገባች አለች። ከመካከላቸው ሙያዋን ይዛ ሌላ በር የከፈተችውን ደግሞ አንቺው ታውቂያታለሽ፤ ወደ ወርክሾፑ የጠራችሽ አለቃሽ ናት።

ስለ አጎትሽ ጥቂት ልበል። ደግ ሰው እንደሆኑ አምኛለሁ። በክፉ ቀን በር ከፍተውልሻል፤ ይህ አይረሳም። ግን «የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ» ደመወዝ አይደለም። የ29 ዓመት ሴት የጫማ መግዣ ቆማ መጠየቅ የለባትም። ጡረታውንም አስቢው። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በየወሩ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ፓርክ ሳለሽ የተዋጣልሽ ይቆጠርልሻል፤ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ፈልጊና ያዢ። ሱቅ የቆየሽበት ግን አንድም ቀን አይቆጠርም። «ገና ወጣት ነኝ» አትበዪኝ። እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው ጣታቸውን ሲቆጥሩ አይቻለሁ።

አወጣጥሽ ግን የሚያምር ይሁን። ደግነቱ ወቅቱ ላንቺ ያደላል። ክረምት ሲገባ ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ የአጎትሽ ሱቅም አብሮ ይቀዘቅዛል። የደንብ ልብስ ግን ሥራው የሚጦፈው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያዘው። ስለዚህ አሁኑኑ፣ በሰኔ፣ ለአጎትሽ ንገሪያቸው። በስልክ አይሁን፤ ከሌላ ሰውም አይስሙት። የሚተካሽን ሰው አሠልጥኚ። የአቅራቢዎቹን ስልክ፣ ዕዳ ያለበትን ደንበኛ፣ ምን መቼ እንደሚታዘዝ በደብተር ጽፈሽ አስረክቢ። ጥቅምት ላይ ሰው ቤት መሥራት ሲጀምር ሱቁ ያላንቺ መቆም አለበት። ያኔ አጎትሽ ቅር ቢላቸውም አይቀየሙሽም። ለሚጠይቅም ሰው ስለ ሥራሽ መልካም ይመሰክሩልሻል።

ወርክሾፑንም ቢሆን ዓይንሽን ጨፍነሽ አትግቢበት። አዲስ ነው፤ ከጥቂት ሰዎች ኪስ በወጣ ገንዘብ የቆመ ነው። አለቃሽን ፊት ለፊት ጠይቂያት። ደንበኞቹ እነማን ናቸው? መስከረም ካለፈ በኋላ ምን ሊሰፋ ነው? የደንብ ልብስ ገበያ ከመስከረም በኋላ እንደሚተኛ ታውቂያለሽ። የፋብሪካ ቱታ፣ የሆቴል ልብስ፣ የአልጋ አንሶላ ይዘዋል ወይስ ገና ናቸው? አዲስ ትእዛዝ ቢጠፋ ለስንት ወር ደመወዝ መክፈል ይችላሉ? ንግድ ፈቃዱስ በማን ስም ነው? «ካላመንሽኝ ተዪው» ካለችሽ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። በደስታ ከመለሰችልሽ ደግሞ አብሮ የሚሠራ ሰው አገኘሽ።

ስለ መመላለሱም አስቢ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ብዙ አይመስልም። ክረምት ላይ ግን መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ተራራ ጉም ሲለብስ ማታ ታክሲ ይጠፋል። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ማምሸት አይቀርም። እዚያው ከሌላ ሴት ጋር ተጋርተሽ ክፍል መያዝ የሚያዋጣሽ እንደሆነ ከደመወዙ ጋር አስሊው። (የሐረጎን ጥምዝምዝ ለሕይወት ምሳሌ አድርጋ ታመጣዋለች ብለሽ ከጠበቅሽ አላመጣውም። እሱ ላንቺ የትራንስፖርት ወጪ ነው።)

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። ከጤናው መራቅ ካልፈለግሽ፣ በያዝሽው ሙያ በኩልም በር አለ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ትልልቅ ሆስፒታሎችም የራሳቸው ስቶር አላቸው። እዚያ የመድኃኒቱ ኃላፊነት የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ መጋዘን፣ ዕቅድና ስርጭት ግን ሌላም ሰው ይፈልጋል። ሕጉም አንቺ የምታውቂው ዓይነት ነው፦ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብም አለ። አቅርቦትና ሎጂስቲክስ በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ኋላ ብትማሪው ከእጅሽ ሥራ ጋር ይገጥማል። ዛሬ ክፍት ቦታ አለ አላልኩሽም። ማስታወቂያ ሲወጣ ግን ደመወዝ የተከፈለበት፣ በደብዳቤ የተረጋገጠ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የአጎት ሱቅ ያን ደብዳቤ ሊጽፍልሽ ይችል ይሆናል፤ የወርክሾፑ ግን ክብደት አለው።

እናትሽን «ዶክተርዬ አትበሉኝ» ብለሽ አትጣያቸው። የቤት ስም ነው፤ ይበሉሽ። ወርቁን ግን እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ አንድ ዓመት ይቀመጥ። የሚመጣው ዓመት ሰኔ ነርሶቹን አነጋግሬ፣ ኮሌጁን አጣርቼ፣ አሁንም ከፈለግኩ ያኔ እንነጋገራለን።» ይህን ሲሰሙ ሕልማቸውን የቀማሻቸው አይመስላቸውም። አንቺም ብትሆኚ በሩን አልዘጋሽውም። ደግሞ ወርቁ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እንደሆነ ከ2014 ወዲህ ደሴ ውስጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ቡናው ላይ ሲጠይቁሽ ደግሞ ፍሙን ሌላ ሰው ያምጣ። «ስቶር ነው የምይዘው፤ ግዢም እሠራለሁ» በዪና ፈንድሻሽን ዝገኚ። «ለጊዜው»፣ «ሌላ እስካገኝ» የሚል ነገር አትጨምሪ። ማብራሪያ ስትጨምሪ ነው ሰው ከንፈር የሚመጠው። እትዬ እንትና «ዶክተርነቱስ?» ካሉሽ «ነጥብ አልመጣልኝም» በያቸው። በቃ። ከዚያ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይሄዳል፤ የደሴን ቡና አውቀዋለሁ።

የቀረው ውሉ ነው። ከአለቃሽ ጋር ብትዋደዱም፣ ይልቁንም ስለምትዋደዱ፣ በወረቀት ይሁን። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው፣ የጡረታ መዋጮው ይጻፍ። የሙከራ ጊዜ ካለ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ከሙከራው በኋላ መልቀቅ ብትፈልጊ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ መውጣት መብትሽ ነው። ከሦስት ወር በታች ሙከራ አናውቅም ካሉሽ ወይም «ውሉ ይደርሳል፤ አንቺ ብቻ ግቢ» ካሉሽ አትግቢ። ወረቀቱን ሲሰጡሽ የማይገባሽ መስመር ካለ ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።